የብስኩት ቆርቆሮው ሥርዓት፦ በቤት ውስጥ የስፌት ዕቃ አቀማመጥ ላይ የተደረገ ጥናት

በአገራችን ስለ ልብስ ያልተጻፈ የለም። ስለ ሸማኔው፣ ስለ ጥለቱ፣ ስለ ጥልፉ፣ ነጠላ ለኀዘንና ለደስታ እንዴት እንደሚለበስ ሳይቀር ተጽፏል። ልብሱ ሲተረተር፣ ቁልፉ ሲበጠስ፣ የሱሪ ዚፕ ሰው ፊት አልዘጋ ሲል ተሯሩጠው የሚከፍቱትን ዕቃ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ይህ ጥናት በዘርፉ የሚታየውን ክፍተት ለመሙላት የተካሄደ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይሞላል የሚል እምነት የለንም።

ዕቃው ክብ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ላይ ብስኩት ተስሏል፤ ውስጡ ብስኩት የለም። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ማወቁ ግን ደጋግሞ ከመክፈት አላገደውም። የሕፃናቱን ተስፋ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ትተን ወደ ራሱ ወደ ቆርቆሮው እናልፋለን።

ናሙናው የተመረጠው ዓላማ ተኮር በሆነ ዘዴ ነው። ዓላማውም ቡና ነበር፤ ቡና ጠጣ ያሉኝ ቤቶች በሙሉ ተካተዋል፣ ያላሉኝ አልተካተቱም። መረጃ የተሰበሰበው በምልከታና በቃለ መጠይቅ ነው። “እትዬ፣ የስፌት ዕቃ የሚያስቀምጡበትን ቆርቆሮ ባየው?” ሲባሉ ተጠያቂዎቹ በብዛት የሰጡት መልስ “ምንህ ተቀደደ?” የሚል ነው። ምንም እንዳልተቀደደብኝ ሳስረዳ ጥርጣሬያቸው ጨምሯል። አንዳንዶቹ ቆርቆሮውን ከማውረዳቸው በፊት ዞረው ከኋላዬ አይተውኛል።

ቆርቆሮው በዓይነቱ ሦስት ነው። ገናናው ሰማያዊው የቅቤ ብስኩት ቆርቆሮ ነው። ትውልዱ ዴንማርክ ሲሆን፣ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ሮያል ዳንስክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ኢንዶኔዢያ ተጋግሮ በዴንማርክ ስም የሚጠራም አለ፤ ለክርና ለመርፌ ግን ያመጣው ልዩነት አልታየም። ሁለተኛው ወይን ጠጁ ማኪንቶሽ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዝ አገር፣ ሃሊፋክስ ላይ ኳሊቲ ስትሪት ብሎ ያወጣው ነው፤ እኛ ቤት ግን የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ሦስተኛው የኒዶ ጣሳ ነው። ይኼኛው ጠባብና ረጅም ስለሆነ ሥሩ ያለውን ቁልፍ ለማውጣት እጅ እስከ ክርን መግባት አለበት፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው እናቶች “ኒዶ ለአበባ ነው” ብለው ከዘርፉ አስወጥተውታል።

አገባባቸውም ይታወቃል። ከጅዳ፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት ለዕረፍት የመጣች ልጅ ሻንጣ ይከፈታል። ብስኩቱን ጎረቤት “እንኳን ደህና መጣሽ” እያለ ይጨርሰዋል። ልጅቷ ተመልሳ ሄዳ፣ ሌላ ኮንትራት ጨርሳ ስትመጣ ቆርቆሮው ቁም ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ቆርቆሮ ይዛ መጥታለች፤ እሱ ደግሞ የመድኃኒት ይሆናል።

ስለ ቆርቆሮው ብቃት በሳይንስ በኩል የሚነሣ ተቃውሞ የለም። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ አይጥ አይገባውም፣ ብርሃን አያሳልፍም። ክር ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቀለሙም ጥንካሬውም ይሄዳል፤ መስኮት አጠገብ የከረመ ክር ሲሳብ ብጥስ የሚለው ለዚህ ነው። ቆርቆሮው የማይከላከለው እርጥበትን ብቻ ነው፤ በክረምት መርፌ ይዝጋል። መድኃኒቱ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው፣ “አይበላም” የሚል የተጻፈበት ትንሽ ከረጢት ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር እርጥበት ይመጥጣልና ከመርፌዎቹ ጋር ቢቀመጥ ዝገት አይኖርም። በጥናቱ እንደተረጋገጠው፣ ካርቶኑ፣ ውስጡ የነበረው ወረቀት፣ የጫማው ትርፍ ማሰሪያ ሁሉ ይቀመጣሉ። ቤቱ ውስጥ ወዲያውኑ የሚጣለው ብቸኛው ነገር ይኸው ከረጢት ነው።

የቆርቆሮው ውስጥ በንብርብር የተሠራ ነው። ሳይነካካ በተደራረበ ነገር ውስጥ ከሥር ያለው ከላይ ካለው ይልቅ ያረጀ ነው የሚለውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1669 በመጽሐፍ ያወጣው ኒኮላስ ስቴኖ የኮፐንሃገን ሰው ነበር። ሕጉም ቆርቆሮውም ከዴንማርክ መምጣታቸውን እንደ ተራ አጋጣሚ ማለፍ ለአንድ አጥኚ ይከብዳል፤ ቢሆንም እናልፈዋለን። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ሕጉ የሚሠራው ንብርብሩ ሳይነካካ ሲቀር ብቻ መሆኑን ነው። አንድ ልጅ ቆርቆሮውን አንሥቶ እንደ ከበሮ የመታው እንደሆነ የአንድ ትውልድ ታሪክ ይደባለቃል።

በዋናነት የተቆፈረው የአክስቴ ቆርቆሮ ነው። አክስቴ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ “የጎረቤት መቀስ አለበት” ብለዋል። ነገሩ ሲጣራ የእሳቸው መቀስ ደግሞ ጎረቤት ቤት ይገኛል። ሁለቱም ወገኖች ይህን ያውቃሉ፤ ይፋ ማውጣት ግን የዓመታት ቡናን ስለሚያበላሽ ጉዳዩ ባለበት ቀጥሏል።

ላይኛው ንብርብር ላይ የተገኘው ሜትር ነው፤ ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት፣ ሙሉ ቢሆን 150 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ቢጫው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳንቲ ሜትሮች የሉም። ማን እንደቆረጣቸው ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ተጠርጣሪዎች ቢኖሩም ማስረጃ አልተገኘም። ጉድለቱ በሒሳብ ተፈትቷል፤ “ለክተህ አራት ቀንስ” ይባላል። መቀነሱ የተረሳ ዕለት የተሰፋው የሳሎን መጋረጃ ወለሉን ይጠርጋል። የመኝታ ቤቱ ግን ለኪውም ሰፊውም ለየብቻ ስለቀነሱለት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል።

ከሜትሩ ሥር ክር አለ። በአንድ ወቅት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ የዩኒፎርም ሰማያዊ ተብለው ለየብቻ የተገዙት በጊዜ ብዛት ተዋሕደው አንድ አካል ሆነዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል እዚህ ላይ የመፈተን ዕድል አግኝቷል፤ አንበሳ ባናገኝም የአጥኚውን ሁለት ጣት ይዞ አልለቅም ብሏል። አክስቴ በርቀት ሆነው “ጫፉን ፈልግ፣ ጫፉን ካገኘህ ቀላል ነው” የሚል ሙያዊ ድጋፍ ሰጥተዋል። ጫፍ ተገኝቷል። ሌላኛው ጫፍ በመካከሉ ሲያልፍ ሦስተኛ ጫፍ አግኝተናል።

ቀጥሎ ቁልፎች ይመጣሉ፤ ጥናቱም እዚህ ይጠልቃል። ባለ አራት ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የዩኒፎርም ቁልፍ፣ ወርቅ መሳይ የወታደር ካፖርት ቁልፍ፣ ከአዲስ ኮት ጋር በትንሽ ፕላስቲክ የሚሰጠው ትርፍ ቁልፍ ከነፕላስቲኩ። ኮቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ለልዋጭ ተሰጥቶ ሳህን ሆኗል። ትርፍ ቁልፉ ግን የኮቱን መመለስ በትዕግሥት ይጠብቃል። እንዲያውም ልብስ ለልዋጭ ከመሰጠቱ በፊት ቁልፎቹ ተቆርጠው ይቀራሉ፤ ዚፑም ደኅና ከሆነ ይፈታል። ዚፑ ላይ ዋይ ኬ ኬ የሚል ተጽፏል፤ ታዳዎ ዮሺዳ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1934 የመሠረተው ድርጅት ምልክት ነው። ድርጅቱ ዚፖቹ ቶኪዮ ታስበው ስንት አገር ዞረው የት እንደሚያርፉ ያውቃል ብዬ አላስብም።

ይህ ሁሉ ቁልፍ እያለ ለአንድ ሸሚዝ የሚሆኑ ሁለት ተመሳሳይ ቁልፎች በአንድም ቆርቆሮ ውስጥ አልተገኙም። ቤተሰቡ የደረሰበት መፍትሔ ብልህነት አለው፦ የደረት ቁልፍ ሲጠፋ ከሸሚዙ የመጨረሻ ቁልፍ ይነቀልና ደረት ላይ ይተከላል፤ የማይመሳሰለው ቁልፍ ደግሞ ታች፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባው ቦታ ላይ ይሰፋል። በመልካም አለባበሳቸው የሚታወቁ ብዙ ሰዎች ከቀበቷቸው በታች ያለው ሁኔታቸው ሲመረመር አረንጓዴ ቁልፍ ተገኝቶባቸዋል።

መርፌ ቁልፍ ለብቻው መታየት አለበት። የፈለሰፈው ዋልተር ሃንት የሚባል አሜሪካዊ ነው። 15 ዶላር ዕዳ ነበረበትና አንዲት ሽቦ ሲያጣምም ይህን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1849 የባለቤትነት መብት ተሰጠው፣ መብቱንም በ400 ዶላር ሸጠና ዕዳውን ከፈለ። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት የስፌት መኪና ሠርቶ መብቱን ሳያስመዘግብ ቀርቷል፤ ሀብቱ የሌሎች ሆነ። የዚህ ዓይነት ሰው በየቤተሰቡ አንድ አለ። እሱ የሠራው መርፌ ቁልፍ ለጊዜው ተብሎ ይታሰባል፤ በጥናቱ ግን ከስፌት ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ታውቋል። የሙሽራ ነጠላ ይይዛል፣ የተበጠሰ ላስቲክ በወገብ ዙሪያ ይጎትታል፣ የቦርሳ ዚፕ እጀታ ይሆናል። “ለዛሬ ብቻ ያዘው” ተብሎ የተያዘ የሱሪ እግር ባለቤቱን አስመርቆ ሥራ አስይዟል።

ሥር ላይ የደረስነው ሻይ ከቀረበ በኋላ ነው። እዚያ አምስት ሳንቲሞች፣ የሚከፍተው በር የሌለ የበር ቁልፍ፣ ሰባት ሰዓት ላይ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ የማን እንደሆነ ቤተሰቡን ለሁለት የከፈለ ጉርድ ፎቶ፣ በአራት የታጠፈ የ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ወረቀት፣ እና ምንነቱ ያልታወቀ አንድ ትንሽ ብረት ነበሩ። ወደ ብረቱ በኋላ እንመለሳለን።

የጥናቱ ዋና ግኝት የወጣው ከዚህ ንብርብር ነው። የምዝገባ ወረቀት ከቁልፍና ከዚፕ ጋር ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ አጥኚውን ሲያስጨንቅ ከቆየ በኋላ፣ ቆርቆሮው የስፌት ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚለው ግምት ራሱ የተሳሳተ መሆኑ ታይቷል። ቆርቆሮው የሚጠብቁ ነገሮች ማስቀመጫ ነው። ቁልፉ ኮቱን ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ባትሪ፣ ወረቀቱ ዕጣ። መስፋት ከነዚህ ጥበቃዎች አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ውስጡ ያለው ሁሉ ቦታ ቦታውን የያዘ ነው፤ አንድም ዝርክርክነት የለበትም።

በውጭ አገር የቤት አያያዝ መጻሕፍት ውስጥ ለዘርፉ የሚሰጡ ምክሮች ይህን መሠረታዊ ነጥብ የሳቱ ናቸው። በመጀመሪያ “የስፌት ክፍል” የሚባል ነገር እንዳለ ያስባሉ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና እንግዳ በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ሁኔታ ይህ ምክር ሊተገበር የሚችለው ስፌቱ ወጥቶ ቤተሰቡ ሲቀር ወይም ቤተሰቡ ወጥቶ ስፌቱ ሲቀር ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ያለው ሳንቃ ሰቅላችሁ መቀሱን፣ ሜትሩን፣ ክሩን በየመንጠቆው አንጠልጥሉ ይላሉ። መቀስ በግልጽ የሚታይ ቦታ ላይ ማንጠልጠል ለጎረቤት ምን እንደሚያሳውቅ ከላይ ተመልክተናል።

የሆነ ሆኖ በስሚ ስሚ ላለመፍረድ አንድ ሙከራ ተደርጓል። ቁልፎች በቀለማቸው ተለይተው ግልጽ በሆነ የብርጭቆ ዕቃ እንዲቀመጡ፣ እያንዳንዱም ላይ ምን እንደያዘ የሚናገር ወረቀት እንዲለጠፍ መጻሕፍቱ አጥብቀው ይመክራሉ። አጥኚው የማርና የማርማላታ ብልቃጦች አጥቦ፣ አድርቆ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ልዩ ልዩ ብሎ ጽፎ ለጥፎ ለአክስቱ አስረከበ። አክስቴ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሡ አዩና “እንዴት ያምራል! ተባረክ” አሉ። ሙከራው በዚያው ዕለት የተሳካ መስሎ ነበር።

አጥኚው ለክትትል ሲመለስ ብልቃጦቹ ቁም ሣጥን ላይ አልነበሩም። ወጥ ቤት ተገኙ። “ነጭ” የሚለው ጨው ይዟል፤ “ጥቁር” ጥቁር አዝሙድ፣ “ቡናማ” ኮረሪማ። አንዱም ላይ የተጻፈው አልተፋቀም፤ የተጻፈው ከይዘቱ ጋር አልተጋጨምና። “ልዩ ልዩ” በሚለው ውስጥ መከለሻ ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ከአጥኚው ይልቅ የተሻለ አመዳደብ መሆኑን መካድ አይቻልም። ቁልፎቹ ወደ ቆርቆሮው ተመልሰዋል። ለምን እንደሆነ የተጠየቁት አክስቴ “ቁልፍ በብልቃጥ ምን ያደርጋል? ቅመም ነው እንጂ የሚተንነው” ብለዋል። የመጻሕፍቱ ደራሲያን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚመልሱ ለማወቅ እንጓጓለን።

ስለ መቀስ ያለው ሕግ አጭር ነው፤ የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆረጥበትም። ምክንያቱም ወረቀት ሲሠራ የሸክላና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባበታልና ስለቱን ይፈጀዋል። ሕጉን ሁሉም ያውቃል፤ የጥናቱ ናሙና በሆኑት ቤቶች ሁሉ የጨርቁ መቀስ የተገኘው ግን የወተት ላስቲክ አጠገብ ነው።

መርፌን በሚመለከት የአክስቴ ቤት ሕገ መንግሥት ጥብቅ ነው። ከመሸ በኋላ መርፌ አይዋስም። ቀንም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ጠብ ያመጣል። ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሣል። አጥኚው ይህን እንደ ተራ ልማድ ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን በሌሊት እጅ ለእጅ ሲቀባበሉት የወደቀ መርፌ ምንጣፍ ላይ የሚገኘው በባዶ እግር መሆኑን፣ ከዚያም ጠብ መነሣቱን ታዝቧል። የተበላሸ ራዲዮ ስፒከር ውስጥ ያለው ማግኔት ለዚህ ፍለጋ ወደር የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ማግኔት ለሌላት ነው።

ክር የማስገባቱ ሥራ ለወጣት ዓይን የተተወ ነው። ክሩ ጫፉ ገደድ ተደርጎ ቢቆረጥ፣ ምራቁም ከክሩ ይልቅ የመርፌው ቀዳዳ ላይ ቢሆን ቶሎ ይገባል፤ ከክንድ በላይ ካልረዘመም አይቋጠርም። ይህን የሚያውቁ አሮጊቶች ልጅ በተገኘ ቁጥር ብዙ መርፌ በጥቁርና በነጭ ክር አስሞልተው ስፖንጅ ላይ ይሰኩና ያቆያሉ። ክሩን ያስገባ ሰው ክፍያው “እደግ” የሚል ምርቃት ነው። ዕድሜ ግምት ውስጥ አይገባም፤ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ የልጅ ልጅ “እደግ” ሲባል አጥኚው በዓይኑ አይቷል።

አሁን ወደ ጨርቁ። ጨርቅ በቤታችን አይጣልም፤ ከሹመት ይወርዳል። ሸሚዝ ሥራ የሚጀምረው በክት ልብስነት ነው፤ ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ። ኮሌታው ሲሳሳ ወደ አዘቦት ይዛወራል። ክርኑ ሲቀደድ የቤት ይሆናል፣ ቀጥሎ የሌሊት። ከዚያ እጅጌው ተቆርጦ መወልወያ ሆኖ ይመደባል፤ በመጨረሻም ማሰሻ ሆኖ ምጣድ ላይ አገልግሎቱን ይፈጽማል። በዚህ ሁሉ ዝውውር ውስጥ ይግባኝ የለም። በባል እጅ ግን አንዳንዴ ሕግ ይጣሳል፤ ወደ መወልወያነት የወረደ ካናቴራ ታጥቦ ተለብሶ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ከዚህ መሰላል የተረፈው ቁርጥራጭ የት ይቀመጣል ለሚለው፣ ጥናቱ አስደናቂ መልስ አግኝቷል፤ ትራስ ውስጥ። የመጋረጃ ትራፊ፣ የዩኒፎርም ጫፍ፣ የሶፋ ልብስ ብጣሽ ሁሉ ትራስ ተሞልቶ እንግዳ ይተኛበታል። ቀይ ጨርቅ ባስፈለገ ጊዜ የእንግዳው ራስ ቀስ ተብሎ ይነሣል። ቦታ አያባክንም፣ ከአቧራ ይጠብቃል፣ ባለበትም አይረሳም፤ እንግዳው ጠዋት አንገቱን እያሻሸ ያስታውሳልና።

አሜሪካኖች ከዚሁ ቁርጥራጭ ኩዊልት የሚባል ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር የሚኖሩ፣ አያቶቻቸው በባርነት የነበሩ ጥቁር ሴቶች ያለቀ የሥራ ልብስና የተቀደደ ጂንስ እየቀጠሉ ለብርድ ሲሰፉት የኖሩት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው። የሚገባቸውን ነው ያገኙት፤ የቀለማቸው አገጣጠም ከብዙ ሠዓሊ ይበልጣል። እኛም አገር ያረጀን ልብስ በእራፊ ላይ እራፊ እየደራረቡ መስፋት የቆየ ሙያ ነው፤ ስሙም ድሪቶ ነው። ልዩነቱ የአሠራር ሳይሆን የመስቀያ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ገብቶ አገጩን ይዞ ያየዋል፤ ትከሻ ላይ የተሰቀለውን ደግሞ “ምስኪን፣ ምን አግኝቶት ይሆን” ብሎ ያልፈዋል። አክስቴ የሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አይተው “የነሱ ታጥቧል” በማለት ክርክሩን ዘግተዋል።

በመጨረሻ የተጠናው የሥራ ቦታ እውነተኛው መስፋት የሚካሄድበት ነው፤ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ በረንዳ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው፣ ግራና ቀኙ በልብስ ሰፊ የተሞላው ጠባብ መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ገነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያለን ግን በየቅያሱ ባሉት እንረካለን። የተጠኚው መኪና ባለ መርገጫ ሲንገር ነው። አይዛክ ሲንገር የባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ሲሆን፣ ድርጅቱ ከአምስት ዓመት በኋላ መኪናውን በየወሩ እየተከፈለ እንዲወሰድ ፈቀደ። በእኛ አገር የዚህን ቦታ የያዘው ዕቁብ ነው፤ ለልብስ ሰፊውም መኪናውን ያስገዛው እሱ ነው።

በረንዳው ከሁለት እርምጃ አይበልጥም። መጻሕፍቱ የሚመክሩት ሁሉ ሳይነበብ ተፈጽሞበታል። ክሮቹ ግድግዳው ላይ በተመታ ሚስማር ተሰልፈዋል። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ፣ ስፒሎቹ የጋውኑ ኮሌታ ላይ ተሰክተዋል። የጨርቅ ቁርጥራጩ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ መቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ ሰውዬው ዕቃ አያስቀምጥም፤ ይለብሰዋል፣ ይቀመጥበታል። ትዕዛዝ ሲቀበል ከጨርቁ ጥግ የጣት ጥፍር የምታህል ቆርጦ ከልኩ አጠገብ ደብተር ላይ በስፒል ይወጋታል። ስም አይጽፍም። “ጋሼ፣ በምን ያውቁታል?” ቢባል “ሰው ይዋሻል፣ ጨርቅ አይዋሽም” ይላል። ደብተሩ ሲገለጥ የሰፈሩ ሰርግና ለቅሶ በቁርጥራጭ ተመዝግቦ ይታያል።

በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ያልተስተካከለው ቀጠሮ ብቻ ነው። ለፋሲካ የተሰጠ ሱሪ ለዳግማይ ትንሣኤ እንደሚደርስ፣ “ቁልፉ ብቻ ቀረኝ” ማለት ገና አልተቆረጠም ማለት እንደሆነ፣ “ነገ ጠዋት” ውስጥ ጠዋት የሚለው ለማሳመሪያ እንደገባ ደንበኞች በሙሉ ይስማማሉ።

ምንነቱ ያልታወቀው ብረት ለባለሙያ ምርመራ የቀረበው ለዚሁ ልብስ ሰፊ ነው። ትንሽ፣ ግማሽ ክብ፣ አንድ ቀዳዳ ያለው ነው። አክስቴ “የመኪና ዕቃ ነው፣ እናቴ አደራ ብላ የሰጠችኝ” ይላሉ፤ እናታቸው መኪና እንዳልነበራቸው ግን ራሳቸው መስክረዋል። ልብስ ሰፊው መርገጫውን አቆመ። ብረቱን ተቀብሎ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አወጣ፣ አገላበጠ፣ በጥፍሩ ጠረገው፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገው።

“ታዲያ ምንድን ነው፣ ጋሼ?”

“እንጃ” አለ። ዝቅ ብሎ ከመኪናው ሥር ሰማያዊ ቆርቆሮ ሳበ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ብረቱን ጣል አደረገና ዘጋው። “ግን ይፈለጋል።”

ደረሰኝ አልተሰጠም። አክስቴ ጥናቱ የተጠናቀቀ መሆኑን አይቀበሉም፤ በተገናኘን ቁጥር “ብረቴሳ?” ይላሉ። ልብስ ሰፊውም ሲጠየቅ ነገ ጠዋት ብሏል።